ምዕራፍ 7፦ በመካከል የቆመው ሰው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 ምሽት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታደመ ተመልካች አንድ ሟች ሰው በቡጢ ሲያሸንፍ አየ። ሮኪ ማርሲያኖ መሐመድ አሊን በ13ኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ማርሲያኖ ግን 46 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ አይዋ ግዛት ውስጥ በተከሰከሰች ትንሽ አውሮፕላን ከሞተ አራት ወር አልፎት ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በሥራ ዘመናቸው አንድም ቀን ተፋልመው አያውቁም። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ገጥሞ 49ኙንም አሸንፎ፣ 43ቱን በዝረራ ጨርሶ፣ በ1956 ጓንቱን ሲሰቅል አሊ ገና ካሲየስ ክሌይ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በሲኒማ የታየውን ፍልሚያ ያዘጋጀው መሪ ዎሮነር የተባለ የማያሚ የሬዲዮ ሰው ነው። በ1969 ሁለቱን ስቱዲዮ አስገብቶ አንድ አንድ ደቂቃ የሚፈጁ 70 ያህል ዙሮችን አቀረጻቸው። አሊ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ፈቃዱን ተነጥቆ፣ ከሙያው ታግዶ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። ማርሲያኖም ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሶ፣ ራሰ በራነቱን በሰው ሠራሽ ፀጉር ሸፍኖ መጣ። ፍልሚያው በተለያየ መንገድ የሚያልቅባቸው በርካታ ትዕይንቶች ተቀረጹ። የትኛው መታየት እንዳለበት የሚወስነው ኮምፒውተር ነው ተባለ።

የቡጢ ወዳጆች ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ይህን ጨዋታ ትተውት አያውቁም። ጃክ ጆንሰን ከጆ ሉዊስ፣ ሉዊስ ከአሊ፣ አሊ ከማይክ ታይሰን ቢገጥሙ ማን ያሸንፍ ነበር? ጥያቄው ቡና ሲጠጣ የሚነሣ ወግ ይመስላል። በውስጡ ግን ይህ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚከታተለው ትልቅ ችግር አለ፦ ፊት ለፊት ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ነገሮች በምን ይወዳደራሉ? የዛሬ ተማሪና የአያቱ ዘመን ተማሪ፣ ዘንድሮ የተሞከረ መድኃኒትና ከሰላሳ ዓመት በፊት የተሞከረ መድኃኒት፣ ሁለቱም ጋ የዚሁ ችግር ሌላ መልክ ይገኛል። ቡጢ ችግሩን ያለ ሽፋን ስለሚያሳይ ይህ ምዕራፍ ለቡጢ ተሰጥቷል። ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወፍጮው የሚፈጨው የገባለትን ነው

ዎሮነር ከፊልሙ በፊት፣ በ1967፣ አሥራ ስድስት የከባድ ሚዛን ቡጢኞችን በሬዲዮ አወዳድሮ ነበር። ተወዳዳሪዎቹን ለመምረጥ ለ250 የቡጢ ጸሐፊዎችና አዋቂዎች መጠይቅ ላከ። ከዚያ የእያንዳንዱ ሰው ጥንካሬና ድክመት ወደ ቁጥር ተለወጠ፤ ቁጥሩም ኤንሲአር 315 ለሚባል ኮምፒውተር ተሰጠ። ከኮምፒውተሩ የወጣው ውጤት ሕዝብ በተሰበሰበበት እንደሚካሄድ ግጥሚያ ሆኖ በሬዲዮ ተተረከ። በፍጻሜው ማርሲያኖ ጃክ ዴምፕሲን በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። አሊ ግን ቀደም ብሎ፣ በሩብ ፍጻሜው፣ ከ1899 እስከ 1905 ሻምፒዮን በነበረው በጄምስ ጄፍሪስ ተሸንፎ ወጣ። አሊ ስሜ ጠፋ ብሎ የ1 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ክሱ በስምምነት ሲዘጋ አሊ በፊልሙ ላይ ለመሥራት ተስማማ።

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የሚለው ስም ብቻውን ያስፈራ ነበር። ማሽን ስለማያዳላ ፍርዱም የማያዳላ መሰለ። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ከወፍጮ ብዙ አይለይም። ንጹሕ ጤፍ ያስገባ ንጹሕ ዱቄት ይዞ ይሄዳል። እንክርዳድ የቀላቀለም እንክርዳዱን በቀጭኑ አስፈጭቶ ይወስዳል። ድንጋዩ ሳይበጠር የቀረውን አይለቅምም። ለማርሲያኖ ጽናት፣ ለአሊ ፍጥነት፣ ለጄፍሪስ ጉልበት ቁጥር የሰጠው ሰው ነው። ሰውየው ከ60 ዓመት በፊት ስለተካሄደ ፍልሚያ የሚያውቀው ካነበበውና ከሰማው ነበር።

ስለዚህ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከወንፊቱ ነው። አድናቆትና ትዝታ ያልገባበት ቁጥር ከየት ይገኛል? አንድ ምንጭ አለ፤ እሱም በእርግጥ የተካሄዱት ፍልሚያዎች ናቸው።

አንድ ቁና ለሁለት ገበያ

በምዕራፍ 3 ስለ ሰዓት የተጻፈው እዚህ ላይ ቢታወስ ይጠቅማል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጠ። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። ሁለቱ ሯጮች በአንድ መስመር ቆመው አያውቁም፤ ጫማው፣ መንገዱ፣ ሥልጠናው ሁሉ ተለውጧል። ቢሆንም ሮም ላይ የቆጠረው ሰከንድ በርሊን ላይ ከቆጠረው ሰከንድ ጋር አንድ ነው። የ13 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ልዩነቱን ማንም አይክድም፤ ክርክሩ ልዩነቱ ከምን መጣ በሚለው ላይ ነው።

ቡጢ እንዲህ ያለ ሰዓት የለውም። አንድ ቡጢኛ የሚለካው በሌላ ቡጢኛ ብቻ ነው። ሁለት ገበሬዎች በሁለት ገበያ እህል ሸጡ እንበል። ማን የበለጠ እንደሸጠ ለማወቅ እህሉን አንድ ቦታ መከመር አያስፈልግም፤ ሁለቱም የሰፈሩት በአንድ ቁና ከሆነ የቁናውን ብዛት ማወዳደር ይበቃል። የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ይህን የጋራ ማነጻጸሪያ ይሉታል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ሁለቱ ባይገናኙም ሁለቱም የሚያውቁት ሦስተኛ አለ፤ በእሱ በኩል ይተያያሉ።

በማርሲያኖና በአሊ መካከልም እንዲህ ያለ ሰው ቆሟል። ስሙ አርቺ ሙር ነው። የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ሙር በሴፕቴምበር 21 ቀን 1955 ኒው ዮርክ ላይ ማርሲያኖን ገጠመ። በሁለተኛው ዙር ማርሲያኖን ወለሉ ላይ ጣለው፤ በዘጠነኛው ራሱ ተዘረረ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 15 ቀን 1962፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ከ20 ዓመቱ ካሲየስ ክሌይ ጋር ገጠመ። ክሌይ ሙርን በአራተኛው ዙር እንደሚጥለው ሲፎክር ከርሞ ነበር፤ በአራተኛው ዙር ጣለው።

የችኩል ሰው ስሌት እነሆ፦ ማርሲያኖ ዘጠኝ ዙር የፈጀበትን ሰው አሊ በአራት ዙር ጨረሰው፤ ስለዚህ አሊ ይበልጣል። በወረቀት ላይ ቁናው አንድ ነው። ነገር ግን የሣር ቁና ሲቆይ ጠርዙ ይበላል። በ1955 የሰፈረውና በ1962 የሰፈረው ሙር እኩል አልነበሩም። የሙር ዕድሜ ራሱ ያከራክር ነበር፤ እሱ በ1916 ተወለድኩ ሲል እናቱ በ1913 ነው ይሉ ነበር። በእሱ ቁጥር ከማርሲያኖ ጋር ሲገጥም 38፣ ከክሌይ ጋር ሲገጥም 45 ዓመቱ ነው። በእናቱ ቁጥር ደግሞ 41 እና 48 ይሆናል። ቁናው ስንት ዓመት እንዳገለገለ እንኳ ባልታወቀበት፣ በእሱ የተሰፈረውን ሁለት ክምር ማወዳደር ድፍረት ነው።

ድልድዩ ያጋደለው ወደ ልጁ ነው

የሙር ታሪክ ለብቻው የቆመ ገጠመኝ ቢሆን ኖሮ ታልፎ በሄደ ነበር። ግን ዘመንን ከዘመን የሚያገናኙት ታላላቅ ፍልሚያዎች በአንድ ረድፍ ሲቀመጡ ተመሳሳይ መልክ ይወጣቸዋል።

በ1910 ሬኖ ከተማ ላይ ጃክ ጆንሰን ጄፍሪስን አሸነፈ። ጄፍሪስ 35 ዓመቱ ነበር፤ ወደ ስድስት ዓመት ገደማ ከመድረክ ርቆ፣ ለግጥሚያው ሲል ብዙ ኪሎ ቀንሶ ነው የመጣው። በ1951 የ28 ዓመቱ ማርሲያኖ የ37 ዓመቱን ጆ ሉዊስን በስምንተኛው ዙር ዘረረው። በ1980 የ30 ዓመቱ ላሪ ሆምስ የ38 ዓመቱን አሊን ገጠመ፤ ከአሥር ዙር በኋላ የአሊ ወገኖች ፍልሚያውን አስቆሙት። በ1988 ደግሞ ተራው የሆምስ ሆነ፤ በ38 ዓመቱ ከ21 ዓመቱ ማይክ ታይሰን ጋር ገጥሞ በአራተኛው ዙር ወደቀ።

እነዚህን ተያይዘው የቆሙ ሰዎች እንደ መሰላል የሚወጣ ሰው አንድ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል፦ ማርሲያኖ ከሉዊስ፣ ሆምስ ከአሊ፣ ታይሰን ከሆምስ ይበልጣል፤ የኋለኛው ሁልጊዜ ከፊተኛው ይሻላል። መሰላሉ ግን ከመጀመሪያውም ያጋደለ ነው። ዘመንን ከዘመን የሚያገናኝ ፍልሚያ ማለት በባሕርዩ የሚወጣ ወጣት ከሚወርድ አንጋፋ ጋር የሚገናኝበት ቀን ነው። የ20 ዓመት ልጅ የ60 ዓመት አባቱን ታግሎ ቢጥል፣ አባትየው በ20 ዓመቱ ምን ያህል ብርቱ እንደነበረ ማንም አልተማረም። መለኪያ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲስት ስሕተቱ ይጣፋል። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ሲስት ግን ስሕተቱ እየተደመረ ይሄዳል። በሙያው ቋንቋ ስልታዊ ስሕተት የሚባለው ይህ ነው።

መውጫው በምዕራፍ 4 ስለ ብር ዋጋ ከተነገረው ጋር ይመሳሰላል። የጥንቱን ብር ከዛሬው ብር ጋር በቀጥታ ማስተያየት አይቻልም፤ እያንዳንዱ በራሱ ዘመን ስንት ቀን ያሠራ እንደነበር ማየት ግን ይቻላል። ቡጢኛም ከዘመን ጓደኞቹ ምን ያህል እንደራቀ ሊጠየቅ ይችላል። ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ሻምፒዮን ሆኖ ቆይቶ ማዕረጉን 25 ጊዜ ተከላከለ። በከባድ ሚዛን ታሪክ ይህን ያህል የሄደ ሰው የለም። መለኪያው ከእርጅና ያመልጣል። ከሌላ ነገር ግን አያመልጥም፦ ደካማ ተፎካካሪዎች በበዙበት ዘመን የተወለደ ሰው ሳይገባው ሊገዝፍ ይችላል።

እሳት፣ ውሃና ደንገል

ቁናው ባያረጅ፣ ድልድዩም ባያጋድል እንኳ ሌላ ወጥመድ ይቀራል። ይህኛው ከሁሉም ይጠልቃል።

አልማዝ ከከበደች ትረዝማለች፣ ከበደች ከጫልቱ ትረዝማለች ከተባለ አልማዝን ከጫልቱ ጋር ማቆም አያስፈልግም። ቁመት የሚተላለፍ ባሕርይ ነው። ቡጢስ እንደ ቁመት ነው? የ1970ዎቹ ከባድ ሚዛን ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ሰጥቷል። በማርች 8 ቀን 1971 ኒው ዮርክ ላይ ጆ ፍሬዚየር አሊን በ15 ዙር በነጥብ አሸነፈ። በጃንዋሪ 1973 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላይ ጆርጅ ፎርማን ፍሬዚየርን ስድስት ጊዜ ጥሎ በሁለት ዙር ጨረሰው። በማርች 1973 ኬን ኖርተን የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸነፈ። በማርች 1974 ፎርማን ኖርተንንም ካራካስ ላይ በሁለት ዙር አስቀመጠው።

ሰንሰለቱ ይነበብ፦ ፎርማን አሊን ያሸነፉትን ሁለቱን ሰዎች እንደ ገለባ በትኗቸዋል። ቡጢ እንደ ቁመት ቢሆን ኖሮ ኦክቶበር 30 ቀን 1974 ኪንሻሳ ላይ አሊ መትረፍ አልነበረበትም። አሊ ግን ገመዱን ተደግፎ፣ ፎርማን እስኪደክም ድረስ ቡጢውን በክንዱ እየተቀበለ ቆይቶ፣ በስምንተኛው ዙር ዘረረው።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እሳት ደረቅ ደንገልን ይበላል። ውሃ እሳትን ያጠፋል። ደንገል ደግሞ ታንኳ ሆኖ ውሃውን ይረግጠዋል። ከሦስቱ ማን ይበረታል የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ እያንዳንዱ የሚበረታበትም የሚሸነፍበትም አለው። ፍሬዚየር ጎንበስ ብሎ ወደፊት እየገፋ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ፎርማን ከታች ወደ ላይ ለሚሰነዝረው ከባድ ቡጢ ይህ አመጣጥ ምቹ ነበር። አሊ ግን ሲገፋው የሚሸሽ፣ ሲያዝም አንገት ይዞ የሚያደክም ሰው ስለነበር ፎርማን ጉልበቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። የቡጢ ሰዎች ፍልሚያን የሚሠራው የአጣጣል ስልት ነው ሲሉ ይህን ክብ ማለታቸው ነው።

የሐሳብ ፍልሚያ የሚያሰላ ሰው እያንዳንዱን ቡጢኛ በአንድ ቁጥር ብቻ ከወከለው ክቡን ወደ ቀጥታ መስመር ይለውጠዋል። በዚያ መስመር ላይ ኪንሻሳ የሚባል ቦታ አይኖርም።

የ13ኛው ዙር ጥያቄ

ሁለት ሰዎችን ከሁለት ዘመን አምጥቶ የሚያፋልም ሰው በየትኛው ደንብ እንደሚዳኙ መወሰን አለበት። ብዙ ጊዜ ይህ ዝርዝር ተብሎ ይታለፋል። ፍልሚያው የሚወሰነው ግን እዚያ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ለማዕረግ የሚደረግ የወንዶች ግጥሚያ 12 ዙር ነው። ቀድሞ 15 ነበር። ለውጡ የመጣው የደቡብ ኮሪያው ዱክ ኩ ኪም በኖቬምበር 1982 ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንሲኒ ጋር እስከ 14ኛው ዙር ተፋልሞ በደረሰበት ጉዳት ከሞተ በኋላ ነው። አወዳዳሪ ድርጅቶቹ በየተራ፣ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ፣ ሦስቱን ዙር ቀነሱ።

አሁን ወደ ኋላ ይታይ። በጁን 1941 ጆ ሉዊስ ከቢሊ ኮን ጋር ሲፋለም ከ12 ዙር በኋላ ሁለት ዳኞች ኮን ይመራል ብለው ነበር፤ ሦስተኛው እኩል ይዟቸዋል። ሉዊስ በ13ኛው ዙር ኮንን ዘረረው። በሴፕቴምበር 1952 ማርሲያኖ ከሻምፒዮኑ ከጄርሲ ጆ ዋልኮት ጋር ሲገጥም በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እሱም በ13ኛው ዙር በአንድ የቀኝ ቡጢ ዋልኮትን ጥሎ ቀበቶውን ወሰደ። በዛሬው ደንብ ቢሆን ሁለቱም ተሸንፈው ይወርዱ ነበር፤ ሳይሸነፍ ጓንቱን ሰቀለ የሚባለው ማርሲያኖም ያ ስም አይኖረውም። በዎሮነር ኮምፒውተር ማርሲያኖ ሁለቱንም ጊዜ በ13ኛው ዙር ማሸነፉ ደስ የሚል መገጣጠም ነው። የዛሬ ደንብ ቢሰጠው ግን ሁለቱም ድሎች አይኖሩም።

ክብደትም እንዲሁ ነው። ማርሲያኖ ዋልኮትን ሲገጥም 84 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። የዛሬው ክሩዘርዌት የሚባለው፣ ከከባድ ሚዛን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ምድብ፣ እስከ 90.7 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ በዛሬ አከፋፈል ማርሲያኖ ከባድ ሚዛን አይባልም። ታዲያ ግዝፈት ብቻውን ይወስናል? በ2024 ኦሌክሳንደር ኡሲክ በ25 ኪሎ ያህል የሚበልጠውን ታይሰን ፊዩሪን በዲሴምበሩ ግጥሚያ በነጥብ አሸንፏል።

ከዚያም የቀደመ፣ ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ምሳሌ አለ። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. የ21 ዓመቱ ጆ ሉዊስ ኒው ዮርክ ላይ ጣሊያናዊውን የቀድሞ ሻምፒዮን ፕሪሞ ካርኔራን ገጠመ። ካርኔራ 118 ኪሎ፣ ሉዊስ 89 ኪሎ ነበሩ። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲያጓጉዝ የነበረበት ወቅት ስለነበር ጥቁር አሜሪካውያን በሉዊስ ጓንት ውስጥ ኢትዮጵያን አዩ። ሉዊስ ግዙፉን ሰው በስድስተኛው ዙር ጨረሰው። ከሦስት ወር በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ድልድይ ያልተሠራላቸው

ሰንሰለት የሚሠራው ሰዎች ሲገናኙ ነው። እንዳይገናኙ የተከለከሉስ?

ጃክ ዴምፕሲ ከ1919 እስከ 1926 ሻምፒዮን በነበረበት ዘመን ሁሉ ሃሪ ዊልስ የሚባል ጥቁር ቡጢኛ ተራውን ሲጠብቅ ኖረ። ውል ሳይቀር ተፈርሞ ነበር፤ ግጥሚያው ግን አልተካሄደም። ከእሱ በፊት ሳም ላንግፎርድ የተባለው ድንቅ ቡጢኛ የከባድ ሚዛን ማዕረግ ለመሞከር አንድም ዕድል ሳይሰጠው አረጀ። ቡጢውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ያሰመሩት የቀለም መስመር ሁለት ዓይነት በደል አደረሰ። አንደኛው በሰዎቹ ላይ ነው፤ እንጀራቸውንና ክብራቸውን ነጠቀ። ሁለተኛው በመዝገቡ ላይ ነው፤ የዴምፕሲ ዘመን የሚለካበትን ቁና ሰበረ። ዴምፕሲን ከሉዊስ ወይም ከአሊ ጋር የሚያወዳድር ሰው በየትኛውም ስሌት ሊሞላው የማይችል ባዶ ቦታ አለ።

ኩባዊው ቴዎፊሎ ስቲቨንሰን በ1972፣ በ1976 እና በ1980 በተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። አገሩ ለገንዘብ የሚደረግ ስፖርትን ከልክላ ነበር፤ እሱም ወደ ሙያዊው ቡጢ እንዲሻገር የቀረበለትን ብዙ ገንዘብ አልተቀበለም። ከአሊ ጋር ሊያገናኙት የታሰበውም ሳይሆን ቀረ። ስቲቨንሰን ባሕር መሐል እንዳለ ደሴት ነው፤ ከወዲህ ማዶ ሆኖ ግዝፈቱ ይታያል፤ የሚያሻግር ታንኳ ግን የለም።

ከ"ማን" ወደ "ስንት ጊዜ"

እስካሁን መለኪያው ቢፈርስም ባይፈርስም ጥያቄው ራሱ አልተመረመረም። ማን ያሸንፍ ነበር የሚለው ቃል አንድ ፍልሚያ፣ አንድ እርግጠኛ መልስ እንዳለ ይገምታል። እውነተኛው ቡጢ ይህን አይደግፍም።

ሹገር ሬይ ሮቢንሰንና ጄክ ላሞታ ስድስት ጊዜ ተገናኝተዋል። ሮቢንሰን አምስቱን አሸነፈ። ላሞታ ያሸነፈው በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1943 ዲትሮይት ላይ ብቻ ነው። ልክ በሦስተኛ ሳምንቱ እዚያው ከተማ እንደገና ገጥመው ሮቢንሰን መለሰለት። ሁለቱ የተገናኙት ያን አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪክ ላሞታን በላይ ያስቀምጠው ነበር። ማክስ ሽሜሊንግ ሉዊስን በ1936 በ12ኛው ዙር ዘረረው፤ በ1938 ግን በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። በምዕራፍ 5 አንድ የዝናብ ዓመት ስለ አገሩ አየር ምንም እንደማይናገር ታይቷል። አንድ ፍልሚያም እንደ አንድ ክረምት ነው።

ይህን ወደ ስሌት የለወጠው ሰው የመጣው ከቡጢ ሳይሆን ከቼዝ ነው። በሚልዋኪ ከተማ የፊዚክስ መምህር የነበረው የሃንጋሪ ተወላጅ አርፓድ ኤሎ ዘዴውን አበጀ፤ የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽንም በ1970 ተቀበለው። ነገሩ በቀላሉ እንዲህ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ከመጫወታቸው በፊት በአንድ ሣጥን ገንዘብ ያስይዛሉ። ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ያሸንፋል የሚባለው ብርቱ 3 ብር፣ ደካማው 1 ብር ያስቀምጣል። አሸናፊው ሣጥኑን ይወስዳል። ብርቱው ቢያሸንፍ 1 ብር ብቻ ያተርፋል፤ ቢሸነፍ 3 ብር ይከስራል። ከብዙ ጨዋታ በኋላ በእያንዳንዱ ኪስ የተጠራቀመው የብርታቱ መለኪያ ይሆናል። በኤሎ ሠንጠረዥ በ200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከመቶው 76 ያህሉን፣ በ400 የሚበልጥ 91 ያህሉን እንደሚያገኝ ይጠበቃል። መልሱ ስም መሆኑ ቀርቶ ድርሻ ሆነ።

ዘዴው ለቡጢ ሲውል ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል። የቼዝ ተጫዋች በጥቂት ወራት የሚጫወተውን ያህል ማርሲያኖ በዕድሜው ሁሉ አልተፋለመም፤ 49 ግጥሚያ ለእንዲህ ያለ ስሌት ጥቂት ነው። ሁለተኛው ሳይሸነፍ የሚወጣ ሰው ነው። ማርሲያኖ በ1956 ሲሰናበት ያጠራቀመውን ነጥብ ሁሉ ይዞ ሄደ፤ ዕጣው ደርሶት ከእቁቡ እንደወጣ ሰው ለቀሪዎቹ የሚዞረው አነሰ። ከእሱ በኋላ የመጡት ያነሰ ቁጥር ቢይዙ ማነሳቸው ከሣጥኑ ይሁን ከቡጢያቸው መለየት ያስቸግራል።

ቢሆንም ጥያቄውን አስተካክሎ መጠየቅ ይቻላል። የትኛው ማርሲያኖ? የ1952ቱ። የትኛው አሊ? በኖቬምበር 1966 ሂዩስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በሦስት ዙር የጨረሰው። በስንት ዙር? በ15። ቁስል ሲደማ ዳኛ የሚያስቆመው በማን ዘመን ልማድ ነው? ማርሲያኖ በሴፕቴምበር 1954 ከኤዛርድ ቻርልስ ጋር ሲፋለም አፍንጫው ተሰንጥቆ ደሙ እየፈሰሰ በስምንተኛው ዙር አሸንፏልና ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ስንት ጊዜ ይገናኙ? መቶ ጊዜ። የአሊ ክንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 198 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከማርሲያኖ በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። ማርሲያኖም እንደ ፍሬዚየር ጎንበስ ብሎ የሚገፋ ሰው ነበር፤ አሊን ያስቸገረውም ያ ዓይነት ሰው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አዋቂ ከመቶው ሰባውን ለአሊ ቢሰጥ፣ ሌላው ስድሳውን ቢል፣ ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ ነጥብ በነጥብ መነጋገር ይችላሉ። የዎሮነር ፊልም ተመልካቾች ይህ ዕድል አልነበራቸውም፤ ከመቶው አንዱን ብቻ አዩ።

ከኪንሻሳ የመጣው ቁምጣ

በ1991 ኢቫንደር ሆሊፊልድ ጆርጅ ፎርማንን በ12 ዙር በነጥብ አሸነፈ። በኤፕሪል 1994 ማይክል ሙረር ሆሊፊልድን አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። እዚህ የተነገሩት መለኪያዎች ሁሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፦ ሰንሰለቱ ሙረር ከፎርማን እንደሚበልጥ ያሳያል፤ ዕድሜም ከሙረር ጋር ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 5 ቀን ላስ ቬጋስ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ሙረር 26፣ ፎርማን 45 ዓመታቸው ነበር። እስከ ዘጠነኛው ዙር ድረስ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ላይ የሚመራው ሙረር ነበር።

በአሥረኛው ዙር ፎርማን አጭር የቀኝ ቡጢ ሰነዘረ። ሙረር በጀርባው ወደቀ፤ ዳኛው እስከ አሥር ቆጠረ። ፎርማን ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ተንበርክኮ ጸለየ። የለበሰው ቀይ ቁምጣ ከ20 ዓመት ከ6 ቀን በፊት ኪንሻሳ ላይ አሊ ሲዘርረው የለበሰው ነበር።